ሁለተኛው ሲዲ፣ ቁጥር ዘጠኝ

ባለፈው ሳምንት የተለያየነው የዳኛው ጥቁር ሱፍ ኪሱ ባዶ ሆኖ የመጣ ዕለት ነበር። ዛሬ የማወራችሁ ከዚያ ባዶ ኪስ በኋላ የሆነውን ነው። አዲስ የመጣ አንባቢ ግን ደጅ እንዳይቆም በሩን ከፈት ላድርግለት።

እኔ የላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእንፋሎት ካውያ ጋር ፊት ለፊት ቆሜያለሁ። ሰፈሩ ስሜን ትቶ «ሰከን» ይለኛል፤ ሌላው ሦስት ሸሚዝ በሚተኩስበት ጊዜ እኔ አንድ አንገትጌ ላይ ስለምቆይ። ከኋላዬ ማጠቢያው ክፍል የምትሠራዋ ደግሞ «አረፋ» ትባላለች። ክንዷ እስከ ክርኗ አረፋ ነው፤ ወሬዋም እንደዚያው ከገንዳው ሞልቶ ይፈሳል።

ከካውያው ጠረጴዛ በላይ፣ መደርደሪያው ላይ፣ አንድ አሮጌ የሲዲ ማጫወቻ አለኝ። የማጫውተው የሲዲ ሳጥን አንድ ብቻ ነው። ከገበያ አዳራሹ መውጫ አጠገብ፣ ካልሲና ባትሪ ተደባልቆ ከሚጣልበት የርካሽ ዕቃ ቅርጫት ያገኘሁት ነው። ሦስት ሲዲ፣ በእያንዳንዱ ሃያ ዜማ፣ ሁሉም የታወቁ የጃዝ ፒያኖ ዜማዎች። የታወቁ ይበል እንጂ ማን እንደተጫወታቸው፣ የትና መቼ እንደሆነ አንድ መስመር አልተጻፈም። ሽፋኑ ላይ ባርኔጣ ያደረገ ሰው አለ፤ ከፒያኖ ይልቅ ባርኔጣ የሚሸጥ ነው የሚመስለው። የዋጋው ወረቀት የፒያኖው ቁልፎች ሥዕል ላይ ተለጥፎ ነበር። በጥፍሬ ሳነሣው ቁልፎቹም አብረው ተላጡ።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ የሰማሁት ዕለት ማንኪያ የሞላ መሳቢያ ደረጃ ላይ የተገለበጠ ነው የመሰለኝ። ግን ቸኩዬ አላውቅም። አንድ ሳምንት የግራ እጁን ብቻ ሰማሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ቀኙን ብቻ። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ሁለቱም ዝም የሚሉባቸውን ቦታዎች። ያኔ ነው ነገሩ የተከፈተልኝ። ጸሎትንም የተማርኩት እንዲሁ ነው፤ ቃሉን በልጅነቴ፣ ዝምታውን ጎልምሼ።

መምህርት ወደ ሕይወቴ የገባችው በአባቷ ሱፍ ምክንያት ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ታስተምራለች፤ አባቷ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ጡረታ ወጡም አልወጡም በየቀኑ ሱፍና ክራቫት ይለብሳሉ። አንድ ሰኞ ሱፉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና ወደ መደርደሪያው ቀና አለች።

«ማነው የሚጫወተው?»

«ስሙ አልተጻፈም፣ እመቤቴ። የመጀመሪያው ሲዲ ቁጥር አራት ነው።»

«ቁጥር አራት» ብላ ደገመችና ሳቀች። የማሾፍ ሳቅ አልነበረም፤ የጠፋባትን ጓንት በራሷ ኪስ ውስጥ ያገኘች ሰው ሳቅ ነበር። «ሃያ ዓመት ሙዚቃ አስተምሬ ዜማ በቁጥር ሲጠራ ስሰማ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ደግሞ ያምርበታል።»

በሳምንቱ ወደዚያው ቅርጫት ተመልሼ ሁለተኛውን ሳጥን ገዛሁላት። ስጦታ ስለሆነ ላስቲኩን እንኳ አልቀደድኩም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ደብዳቤው የተጀመረው እንዲህ ነው። በእኛ ሥራ አንድ የማይሻር ደንብ አለ፤ ልብስ ውሃ ከመንካቱ በፊት ኪሱ ይፈተሻል። የተገኘ ነገር ሁሉ፣ ቁልፍም ይሁን የከረሜላ ወረቀት፣ «ከኪስ የተገኘ» የሚል ማኅተም ባለው ትንሽ ፖስታ ይታሸግና መስቀያው ላይ በመርፌ ቁልፍ ይያያዛል። አንድ ሰኞ ከዳኛው ሱፍ የውስጥ ኪስ በአራት የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። «ቁጥር አራትን ሰማሁት። ግራ እጁ የደከመው ሰው ይመስላል፤ ቀኙ ደግሞ ያጽናናዋል። አንተስ ምን ሰማህ?» ይላል። መልሴን ጽፌ በፖስታው አሸግሁት። የተገኘው ከኪስ ነው፤ አልዋሸሁም።

ከዚያ በኋላ በእኔ ሐሳብ ተስማማን፦ በሳምንት አንድ ዜማ፣ ከቁጥር አንድ ጀምሮ፤ የመጀመሪያው ሲዲ ሳያልቅ ሌሎቹን ላለመክፈት። በደብዳቤው «አንተ» እና «አንቺ» ተባባልን። ባንኮኒው ላይ ስንገናኝ ግን «እርስዎ» ነን፤ «ሱፉ ደርሶልዎታል፣» «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ተባብለን እንለያያለን። ዓይኖቿ ግን ከመስቀያው በፊት ፖስታውን ይፈልጉ ነበር። እኔ ያንን አይቼ አንድ ሳምንት እኖር ነበር።

ቁጥር አሥራ ስምንት ላይ ስንደርስ የመጨረሻው ደብዳቤዋ መጣ። ሌላ ከተማ የሚኖረው ወንድሟ አባታቸውንና እሷን ሊወስድ ነው፤ ሥራም አግኝቶላታል፤ ቤቱም ሊለቀቅ ነው። «አባዬ ተስማምቷል። እኔ ግን አንድ ቃል እየጠበቅሁ ነው፤ ከማን እንደሆነ ታውቃለህ። ቅሪ ካልከኝ እቀራለሁ» ይላል።

እኔ ደግሞ በቃል ነገር አፌ የተሳሰረ ሰው ነኝ። ከዚያ በላይ፣ ዳኛው ከዚያ ቀደም ብለው ሱቃችን ድረስ መጥተው ያሉኝ ጆሮዬ ላይ ነበር፦ «ልጄ ፒያኖ ተምራለች። አንተ ሱሪ ትተኩሳለህ። ሥራው ክፉ ነው አላልኩም፤ ርቀቱን ነው የማሳይህ።» አልተቀየምኳቸውም። ርቀቱን እኔም በየቀኑ አየዋለሁ።

ስለዚህ ተራችንን ዘልዬ፣ ከሁሉም አብልጬ ወደምወደው ዜማ ላክኋት። እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ሁለተኛውን ሲዲ ክፈቺ፤ ቁጥር ዘጠኝ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ቀኝ እጁ ቆም ይልና ሰውየው ሲተነፍስ ይሰማል። እሱ የሚሰማው ያለ አይመስለውም። እኔም እንደ እሱ ነኝ። ትንፋሹን ከሰማሽው ቅሪ። ካልሰማሽ ግን መልስ አትጻፊ፤ ይገባኛል።»

መልስ አልተጻፈም።

በሚቀጥለው ሰኞ ሱፉን የቤታቸው ጥበቃ አመጣው። በሁለተኛውም ሰኞ እሱ ነው። በሦስተኛውም። በእያንዳንዱ ጊዜ እጄን ወደ ውስጥ ኪሱ ሰድጄ የገበሩን ስፌት ዳር እስከ ዳር ዳበስሁ። አንዴ የጉሮሮ ከረሜላ አገኘሁ። እሱንም በፖስታ አሽጌ ላክሁ፤ ደንቡ ደንብ ነው። ማታ ስጸልይ ስሟን ላነሣ እልና እተወዋለሁ። ስለ ሰው አለመሄድ መጸለይ የሰውየውን እግር እንደ መያዝ መሰለኝ።

*

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። ጥቁሩን ሱፍ እየተኮስሁ ነበር፤ ቅዳሜ ዳኛው ለጉዞ የሚለብሱት እሱን ነው።

«ቅዳሜ ነው አሉ የሚሄዱት» አለች አረፋ፣ ከበሩ ራሷን ብቅ አድርጋ።

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምቻለሁ ይላል። አንተ ሰውዬ፣ ጆሮህ ብቻ ነው እንዴ የሚሠራው? እግር የሚባል ነገር አልተሰጠህም?»

«መልስ አልጻፈችም፣ አረፋ።»

«አትጻፊ ብለህ ጽፈህላት ምን ትጽፍ? እኔ ባሌን ያገባሁት ሦስት ጊዜ እምቢ ብዬው በአራተኛው ሳይመጣ ሲቀር፣ የት ቀረ ብዬ ቤቱ ሄጄ ነው።»

የበሩ ደወል ጮኸ። ዳኛው ራሳቸው ነበሩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በጆሯቸው ላይ ያለችውን የመስሚያ መሣሪያ ነካ ነካ አደረጉ።

«ሱፉ ደርሷል?»

«አንድ እጅጌ ቀርቶኛል፣ ክቡር ዳኛ።»

«እጠብቃለሁ» አሉና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። አረፋ በሩን ገርበብ አድርጋ ገባች እንጂ ጆሮዋ ውጭ ቀርቷል፤ ማጠቢያው ክፍል እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

ማጫወቻው ከጠዋት ጀምሮ ሁለተኛውን ሲዲ በራሱ ሲያስኬድ ቆይቶ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ደረሰ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሸሸው የነበረ ዜማ ነው። እንዳላጠፋው ካውያው እጅጌው ላይ ነበር፤ ትቼው ብሄድ ይቃጠላል። መተኮሴን ቀጠልሁ። ፒያኖ ተጫዋቹ እንደ ሁልጊዜው ግራ እጁን ደረጃ እንደሚወርድ ሽማግሌ፣ እያንዳንዱን እርከን በእግሩ እየፈተነ ይዞት መጣ።

ዳኛው ማጫወቻው ላይ የምታበራዋን አረንጓዴ ቁጥር ትኩር ብለው ሲያዩ አየኋቸው።

«ይህ ምንድን ነው የሚለው?»

«የዜማው ተራ ቁጥር ነው።»

«ዘጠኝ ይላል።»

«አዎ።»

«የስንተኛው ሲዲ?»

«የሁለተኛው።»

«አይደለም» አሉ ዳኛው።

ካውያውን መቆሚያው ላይ አደረግሁት።

«ጆሮዬ ደካማ ነው» አሉ፤ «ዓይኔ ግን አገልግሎት ላይ ነው። ልጄ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት እየመጣች ሁለተኛውን ሲዲ ታስገባለች። ዘጠኝ እስኪል ትጫናለች። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ ታደርጋለች፤ እኔም መስማት የቻልሁት በዚያ ነው። ጆሮዋን ድምፅ ማጉያው ላይ ትለጥፋለች። ፒያኖው እየሮጠ ይመጣል፣ ይመጣል፣ ከዚያ ድርግም። መሀል ላይ ይቆረጣል። ማጫወቻው ተበላሸ ወይ ብላት፣ አይ አባዬ፣ እንዲህ ሆኖ ነው የተላከልኝ አለችኝ። ከዚያ እንደገና ትከፍተዋለች። ይህ የእናንተ አይሮጥም፤ አልተቆረጠምም።»

እየሮጠ መጥቶ ድርግም የሚለውን አውቀዋለሁ። የእኔ ሦስተኛ ሲዲ ቁጥር ዘጠኝ ነው። ፋብሪካው ቸኩሎ ጅራቱን የቆረጠው ዜማ፤ ሁልጊዜ የምዘለው። ሲዲውን አወጣሁና ሦስተኛውን አስገባሁ፤ ጣቴ ሁለት ጊዜ ሳተ። ዘጠኝ ላይ ስደርስ ፒያኖው እየሮጠ መጣ፣ መጣ፣ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ላይ ድርግም አለ።

«ይኸው» አሉ ዳኛው። «የእኛ ይህ ነው።»

«ክቡር ዳኛ፣ ከሁለት አንዳችን ሳጥን ላይ ቁጥሮቹ ተቀያይረው ታትመዋል። የእኔ ሁለተኛ የእናንተ ሦስተኛ ነው።»

«ስጦታውን ስትሰጣት ከፍተህ አይተኸዋል?»

«ላስቲኩን አልቀደድኩም። አዲስ ይሁን ብዬ።»

«ያልተመረመረ ሰነድ» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። ከዚያ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አንዴ አዞሩት። «ምን ብለህ ነው የጻፍህላት?»

ያልተተኮሰውን እጅጌ ማስተካከል ጀመርሁ።

«አትፈር። ፖስታ ቤቱ እኔ ነበርሁ እኮ። አምስት ወር ሙሉ ደረቴ ላይ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ጆሮዬ ባይሰማ እጄ አይዳብስም?»

«አንብበውት ነበር?»

«የሰው ደብዳቤ አላነብም» አሉ። በዚያ ቀን የተቆጡት በዚህች ብቻ ነው።

ነገርኋቸው። ትንፋሹን፣ ቅሪ ያልሁትን፣ መልስ አትጻፊ ያልሁትንም። እየሰሙኝ መሬት መሬት ሲያዩ ቆዩ። ምን እየመዘኑ እንደነበር ገብቶኛል። ሱፋቸውን ይዘው ቢወጡ ነገሩ በራሱ ይዘጋል፤ ቅዳሜ ሦስት ቀን ብቻ ነው የቀረው፤ እኔም ተከትዬ የምከራከር ሰው እንዳልሆንሁ ያውቃሉ። ልጃቸው ከቀረች ደግሞ ወንድ ልጃቸው ቤት ብቻቸውን የሚገቡ ሽማግሌ ናቸው።

«እኔ ይህን ነገር አልደገፍኩም» አሉ በመጨረሻ። «አሁንም ደገፍሁ አላልሁም። ግን በተሳሳተ ማስረጃ ሲፈረድ እያየሁ ዝም ያልሁበት ቀን የለም፤ በጡረታዬ አልጀምርም። ሳጥኑን ያዝና ተከተለኝ።»

«እጅጌው...»

«ሂድ እንጂ» አለች አረፋ ከበሩ ኋላ፣ ተደብቃ ስትሰማ እንደነበር ረስታ። «ካውያውን እኔ አጠፋዋለሁ። በአንተ ፍጥነት ከሆነ መንገድ ላይ ቅዳሜ ታልፋለች።»

ሱፉን በመስቀያው አንጠልጥዬ፣ ሳጥኑን በብብቴ ይዤ ከዳኛው ኋላ ሄድሁ። በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ለመንሁ፦ ጌታ ሆይ፣ አንደበት አልጠይቅህም፤ አልሰጠኸኝም፣ እንዳልከው ይሁን። ትንፋሹ ብቻ ይሰማ። ዳኛው ወደ ኋላ ዞር ብለው አላዩኝም። ግን እርምጃቸውን ከእኔ ጋር አስተካክለው ነበር።

*

ደረጃውን ወጥተን ስንገባ ሳሎኑ ካርቶን በካርቶን ሆኗል። ፒያኖው ግድግዳው ሥር በጨርቅ ተሸፍኖ፣ በላዩ መጻሕፍት ተደርድረውበታል። መምህርት ወለሉ ላይ ተንበርክካ ካርቶን ታሽግ ነበር፤ በእጇ መቀስ፣ በአንገቷ ላይ የክር ጥቅል። ቀና ስትል መጀመሪያ ሱፉን፣ ቀጥሎ እኔን አየች። ፊቷ ላይ አንድ ነገር በራ፤ ወዲያው ግን አጠፋችው።

«እርስዎ መቸገር አልነበረብዎትም» አለችኝ። «ጥበቃው ይወስደው ነበር።»

አምስት ወር ሙሉ ባንኮኒው ላይ የተባባልነው «እርስዎ» ነው፤ ያን ቀን ግን እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ወረደብኝ።

«ማጫወቻው የት ነው?» አሉ ዳኛው።

«ታሽጓል፣ አባዬ።»

«ይከፈት።»

«ታስሯል እኮ።»

«የታሰረ ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። የቱ ነው?»

በዓይኗ አሳየችኝ። ሱፉን ባገኘሁት ወንበር ላይ ጣል አደረግሁና ተንበርክኬ ክሩን ፈታሁ። ማጫወቻው በአንገት ልብስ ተጠቅልሏል። እሱን ሳነሣ ከሥሩ ትንንሾቹን ፖስታዎች አየኋቸው። «ከኪስ የተገኘ፣» «ከኪስ የተገኘ፣» «ከኪስ የተገኘ።» በቅደም ተከተላቸው ተደርድረው በፀጉር ማሰሪያ ታስረዋል። ከላይ ያለው የመጨረሻው ነበር። ጠርዙ ከመዳሰስ ብዛት እንደ ጨርቅ ለስልሷል። ጨርቅ ስንት ጊዜ ሲነካ እንደሚለሰልስ ለእኔ ነጋሪ አያስፈልገኝም።

ማየቴን አየች። መቀሱን አስቀመጠች።

«ሦስት ሳምንት» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ትንፋሹን ከሰማሽ ቅሪ አልከኝ። ጫማዬን ሳላወልቅ ሰማሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ እሱን ነው የከፈትሁት። ከሁለት ደቂቃ በኋላ አልከኝ፤ ሁለት ደቂቃ የሚባል ነገር የለውም። መጀመሪያ ጆሮዬ ነው አልሁ። ቀጥሎ አባዬን የሚያክም ሐኪም ጋር ሄጄ ጆሮዬን ተመረመርሁ። ደህና ነው አሉኝ። ያኔ ገባኝ አልሁ። ሂጂ ማለት ከብዶት፣ የሌለ ትንፋሽ ፈልጊ ብሎ ላከኝ አልሁ።»

«የሌለ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን አልመጣህም?»

«መልስ አትጻፊ ብዬ ስለጻፍሁ። አልጻፍሽም። አልሰማችውም ብዬ ተቀበልሁት። በየሰኞው የአባትሽን ኪስ ዳብሼ እቀበለው ነበር።»

«እንዴት አሳምረህ ተቀበልኸው» አለች። «እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው፣ ሰው እስኪሄድ የሚጠብቅ?»

ሲያመሰግኑኝበት የኖርሁት ነገር ሊያሳጣኝ ይችል እንደነበር ያወቅሁት እዚያ ወለል ላይ ተንበርክኬ ነው።

«መናገር አልችልበትም» አልኋት። «ላሰማሽ።»

ቁጥሮቹ ስለመቀያየራቸው የነገሯት ዳኛው ናቸው፤ በሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ችሎት ላይ እንደሚያነቡ ሁሉ። እስኪጨርሱ እኔ ገመዱን ሰካሁ፤ የእኔን ሁለተኛ ሲዲ ከሳጥኑ አወጣሁ፤ በሸሚዜ ጫፍ ወለወልሁት። ዘጠኝ እስኪል ተጫንሁ።

ግራ እጁ መጣ። አንድ እርከን፤ ቆይቶ አንድ እርከን። ቀኙ ከላይ ሆኖ የሚጠብቀው ይመስል ነበር። እሷ ቀስ ብላ ወደ ድምፅ ማጉያው ተጠጋች፤ ከዚያ ግን ጆሮዋን መለጠፉን ተወችውና ባለችበት ቀጥ ብላ ተቀመጠች። መምህር ናት፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ደቂቃ ከሃምሳ ላይ ቁጥሩን አየች። ዓይኗን ጨፈነች። የሚቆረጥ መስሏት ነው። አልተቆረጠም። ደቂቃ ከሃምሳ አንድ። ደቂቃ ከሃምሳ ሁለት። ከማጫወቻው በቀር በክፍሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም።

ሁለት ደቂቃ አለፈ። ቀኝ እጁ አንድ ድምፅ ላይ ወጣና እዚያው ቆመ።

ሰውየውም ተነፈሰ። በአፍንጫው ነው፤ አጭር ናት፤ ከባድ ዕቃ አምጥቶ በቀስታ መሬት ያስቀመጠ ሰው ትንፋሽ። ስሙን አላውቅም፤ የት አገር እንደተቀበረም አላውቅም። ግን እዚያ ሳሎን ውስጥ፣ በካርቶኖቹ መሀል፣ አብሮን ተቀምጦ ነበር።

መምህርት ዓይኗን አልገለጠችም። እንባዋ በተጨፈነው ዓይኗ መጣ።

«ሰማሁት» አለች።

ዜማው ቀጠለ፤ ቀኙ ወርዶ ከግራው ጋር ተገናኘ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ይህን ያህል ዓመት መስማት ተምሬ፣ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረው።

«ምን አለ?» አሉ ዳኛው፣ የመስሚያ መሣሪያቸውን እየነካኩ።

«ተነፈሰ፣ አባዬ።»

«ይህ ሁሉ ሩጫ ለእሱ ነው?»

«ለእሱ ነው።»

«እኔ ምንም አልሰማሁም።»

«አንተ እንድትሰማው አልተላከም» አለች፤ እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ባንኮኒ በመካከላችን አልነበረም። «ድገመው» አለችኝ። «አንተ ነህ የምትደግመው።»

ደገምሁት። ሁለተኛ ሲመጣ ተነሥታ መጻሕፍቱን ከፒያኖው ላይ አወረደች፤ ጨርቁን ገለጠች፤ ክዳኑን አነሣች። ሰውየው ከመተንፈሱ በፊት የሚቆምባትን ያቺን አንዲት ድምፅ በአንድ ጣት ፈልጋ አገኘቻት። ነካቻትና ጣቷን ሳታነሣ ጠበቀች። ትንፋሹ በላዩ መጣ። እኔ በሕይወቴ አቀፉኝ የምለው ያንን ነው።

ዳኛው ለመቀመጥ ወደ ወንበራቸው ሄዱና ቆም አሉ። ጥቁሩ ሱፍ እንደ ጣልሁት ተጨማዶ ወንበሩ ላይ ተኝቷል፤ አንድ እጅጌው ሳይተኮስ፣ ሱሪው ከመስቀያው ወርዶ። በሃያ ሁለት ዓመቴ ሱፍ ወንበር ላይ ጥዬ አላውቅም። ደንግጬ ተነሣሁ።

«ይቅርታ፣ ክቡር ዳኛ። አሁን ወስጄ አስተካክለዋለሁ። ለቅዳሜ ይደርሳል።»

ዳኛው ሱፉን በሁለት ጣት አንሥተው አዩት። ልጃቸውን አዩ፤ የተከፈተውን ፒያኖ አዩ። ሱፉን መልሰው፣ ራሳቸው፣ እንደ ተጨማደደ አስቀመጡትና አጠገቡ ካለው ካርቶን ላይ ተቀመጡ።

«ቀስ ብለህ ተኩሰው» አሉ። «ለቅዳሜ ማን ቸኮለ?»